ሕፃን እጁን የሚያኖርበት ደመራ

የመስቀል በዓል በደረሰ ቁጥር ስለ ደመራ የሚጻፈውና የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ የንግሥት እሌኒ ታሪክ ነው፤ መነገሩም ተገቢ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ግን ታሪኩን በአጭሩ ብቻ አስታውሰን ዓይናችንን ወደ ራሱ ወደ ደመራው፣ ይኸውም ምእመናን በአደባባይ ወደሚያቆሙት እንጨትና በዙሪያው ወደሚሰበሰበው ቤተሰብ ልንመልስ ወደናል። ደመራ በሩቁ የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚነካ፣ የሚዞሩት፣ የሚዘምሩበትና የሚጫወቱበት የብዙ እጅ ሥራ መሆኑ ከከተማው ቤተሰብ አእምሮ እየደበዘዘ የመጣ መስሎ ታይቶናል። ለዚህም አብነት ይሆኑን ዘንድ በሰሜን ሸዋ የሚገኙትን የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ደጋዎች መርጠናል።

አገሩን ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት እንበል። መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የሚከፈል፣ በምሥራቅ በተራራ ሰንሰለት፣ በምዕራብ ደግሞ በአዳባይና በወንጪት ወንዞች ገደል የታጠረ ከፍተኛ አገር ነው። ከከተሞቹ መሐል ሜዳና ሞላሌ የታወቁት ናቸው። በስተ ሰሜን ግሼ ከነከተማዋ ከራቤል፣ ከወንዙ ማዶ በስተ ምዕራብ መርሐ ቤቴ ከነዓለም ከተማ ይገኛሉ። (የሰሜን ሸዋው ግሼ፣ ግማደ መስቀሉ ካረፈበት በወሎ አምባሰል ከሚገኘው ከግሸን ደብረ ከርቤ ጋር እንዳይምታታ አደራ እንላለን፤ ስሞቹ ስለተቀራረቡ ሰው ሲሳሳት ብዙ ጊዜ ሰምተናል።)

ይህ ደጋ ብርዱ ጽኑ ነው። ሰዉ በገብስና በበግ ይተዳደራል፤ ከበጉ ጠጉር የሚሠራው የመንዝ ባና እስከ አዲስ አበባ ገበያ ድረስ ስሙ የታወቀ ነው። ዛፍ ግን አይበዛበትም። በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከሚታዩት አገር በቀል ዛፎችና በየጓሮው ከተተከለው ባሕር ዛፍ በቀር ዓይን የሚያርፍበት ደን እምብዛም ስለማይገኝ በብዙ ቤት ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው። እንግዲህ እንጨት እንዲህ ውድ በሆነበት አገር አንድ ቤተሰብ ለደመራ የሚሆን ዘንግ ይዞ ሲወጣ ከተረፈው ሳይሆን ከማገዶው ቀንሶ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

ደመራ የሚለው ስም «ደመረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። በግእዙም በአማርኛውም ትርጉሙ ጨመረ፣ አንድ ላይ አደረገ፣ ሰበሰበ ማለት ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት በሒሳብ ደብተራቸው ላይ ቁጥር ሲደምሩ የሚጠቀሙበትም ቃል ይኸው ነው። ስለዚህ ስሙን ያገኘው ከመንደዱ አይደለም፤ ከብርሃኑም ከቁመቱም አይደለም። ስሙን ያገኘው ሰዎች በላዩ ከመጨመራቸው ነው። ማንም ያልጨመረበት፣ አንድ ባለጸጋ ወይም አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን ያቆመው የእንጨት ክምር ቢነድ እሳት እንጂ ደመራ ለመባል ይቸግረዋል ብንል ቃሉን ያጣመምን አይመስለንም።

በደጋው ገጠር አሠራሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ቀጥ ያለውና ረጅሙ እንጨት በሜዳው መካከል ይቆማል፤ ከጫፉም አደይ አበባ ይታሰርለታል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አባወራ ከቤቱ ያመጣውን ዘንግ ወይም ችቦ ወደ መካከለኛው እንጨት አስጠግቶ ያቆመዋል። ከታች ሰፊ፣ ከላይ ሹል እየሆነ ሲሄድ የጎጆ ክዳን ይመስላል። ንድፍ የሚያወጣ የለም፤ አናጢም አይጠራም። መካከለኛው ምሰሶ ሌሎቹን ደግፎ ያቆማቸዋል፤ እነርሱም ከየአቅጣጫው በእኩል ስለሚገፉት እርሱን ያጸኑታል። በአንድ ወገን ብቻ እንጨት ቢበዛ ደመራው ያዘነብላልና ሽማግሌዎች በየመካከሉ ዞር እያሉ «ከዚህ ወገን ጎድሏል» ሲሉ ይሰማል። ኋላ የመጣው ሰውም ወደ ጎደለው ወገን ይሄዳል።

ለእኛ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን የሕፃናቱ ድርሻ ነው። ረጃጅሙን ዘንግ አባቶችና ጎረምሶች ያስጠጋሉ። ከእግሩ ሥር በእንጨቶቹ መካከል የሚቀረው ቀዳዳ ግን ለትልቅ ሰው እጅ አይመችም፤ ትልቅ ሰውም ለዚያ ብሎ አይንበረከክም። ይህን የሚሞሉት ሕፃናት ናቸው። ከየአጥሩ ሥር የለቀሙትን ጭራሮ፣ እናታቸው ከምድጃው አጠገብ የሰጠቻቸውን ስንጥር እያመጡ ይሰኩበታል። ይህ ሥራ ልጆች እንዳያለቅሱ ተብሎ የተሰጠ ማባበያ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እሳት አንድዶ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው ግን ወፍራም እንጨት በቀጥታ አይያያዝም፤ ቀድሞ የሚይዘው ቀጭኑ ነው። ደመራው ሲለኮስ እሳቱን ተቀብሎ ለታላላቆቹ የሚያቀብለው የሕፃናቱ ጭራሮ ነው።

አንድ ጊዜ በማማ ምድር በበዓሉ ዋዜማ ያየነውን እዚህ ብንጠቅስ ያለ ቦታው አይሆንም። አራት ዓመት ያልሞላት የምትመስል ሕፃን፣ ጋቢዋ መሬት እየጠረገ፣ አንዲት ጭራሮ ይዛ መጣችና ሰካች። አልወደደችውም መሰለን፣ መልሳ መዘዘቻትና ዞራ በሌላ ወገን ሰካቻት። እንደገናም መዘዘቻት። በዚህ ጊዜ ካህናቱ ጥላ ተዘርግቶላቸው፣ ጽንሐሑ እየጤሰ፣ ለመዞር ተዘጋጅተው ቆመው ነበር። ሕፃኗን ማንም አልጎተታትም፤ ማንም አልቸኮለም። ቦታዋን አግኝታ እጇን እስክታራግፍ ድረስ ቆሞ የጠበቃት ሕዝብ በብዙ መቶ የሚቆጠር ነበር።

ከዚህ በኋላ ዙረቱ ይጀመራል። ካህናቱ እየዘመሩ፣ ሕዝቡም እየተከተለ ደመራውን ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ሦስት መሆኑ በሥላሴ ምሳሌ ነው። ወንጌል ይነበባል፣ ቡራኬ ይሰጣል፣ ከዚያም ይለኮሳል። የመለኮሻው ጊዜ እንደየአገሩ ልማድ ይለያያል፤ በአንዳንዱ ስፍራ መስከረም 16 ቀን ማታ፣ በሌላው መስከረም 17 ቀን ማለዳ ነው። የገጠሩ ደመራ ከዙረቱ በኋላም ሥራው አያልቅም። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ወገን እየተቀባበሉ ይጨፍራሉ፤ ልጆች በመካከል ይሽሎከለካሉ፤ በዚያ ቀን ተመልካች ሆኖ ዳር የሚቆመው እንግዳ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ብዙ ሳይቆይ ይጎተታል።

መካከለኛው ምሰሶ የወደቀበትን አቅጣጫ አይቶ የዘመኑን አዝመራና ሰላም መተንበይ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ይህ የሕዝብ ልማድ እንጂ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አለመሆኑን በዲቁና ግዴታችን ጠቆም አድርገን እንለፍ። ምንጩ ግን ከታሪኩ የራቀ አይደለም። በአራተኛው ምእት ዓመት የቆስጠንጢኖስ እናት ንግሥት እሌኒ የጌታችንን መስቀል ፍለጋ ኢየሩሳሌም ወርዳ በተቸገረች ጊዜ ኪራኮስ የተባለ ሽማግሌ በመከራት መሠረት ደመራ አስደምራ፣ ዕጣን አስጨምራ ብታጤስ ጢሱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ተመልሶ መስቀሉ የተቀበረበትን ስፍራ እንዳመለከታት መጻሕፍቶቻችን ይናገራሉ። ቁፋሮው የተጀመረው መስከረም 17፣ መስቀሉ የተገኘው መጋቢት 10 ቀን ነው። ሕዝቡም ከዚያ ወዲህ ደመራን አቅጣጫ የሚያመለክት አድርጎ ማየቱን አልተወም።

በደጋው ዓመቱን ሙሉ ቤተሰብ በአደባባይ የሚጫወትበት ሥርዓት ደመራ ብቻ አይደለም። ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓል ችቦ ይበራል፣ የእረኞች ጅራፍ ከሸንተረር ሸንተረር ይጮኻል። ችቦው በታቦር ተራራ የታየው ብርሃን፣ ጅራፉ በዚያ የተሰማው ድምፅ ምሳሌ መሆኑን የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በልደት ቀን ሜዳ ላይ በሩር የሚጫወቱት ገናም ይታወቃል፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለዚህ ነው። በነዚህ ሁሉ መግቢያ የሚከፈልበት የለም፤ መጫወቻውም ከጓሮ እንጨትና ከተገመደ ጠፍር የሚሠራ ነው። ይሁን እንጂ ጅራፉ የእረኛው፣ ገናው የጎረምሳው ነው። ከጥቢ እስከ ሽማግሌ፣ ከእናት እስከ ዲያቆን በአንድ ነገር ላይ እጁን የሚያኖርበት ደመራ ብቻ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

በሌላው ዓለም ያሉ ታላላቅ ከተሞች በአሁኑ ጊዜ ይህን የመሰለ ነገር በብዙ ገንዘብ ሲያሠሩ እናያለን። በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ በሚሌኒየም ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ የተከፈተው የቀራጺው ዣውሜ ፕሌንሳ ፏፏቴ 15 ሜትር ያህል ከፍታ ያላቸው ሁለት የመስተዋት ማማዎች አሉት። በማማዎቹ ላይ የከተማው ነዋሪዎች ፊት እየተፈራረቀ ይታያል፤ ከፊቶቹ አፍ ውኃ ይፈልቃል፤ ሕፃናትም ያለ ክፍያ ከሥሩ ይንቦጫረቃሉ። በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 በአደባባይ 21 ዥዋዥዌዎች ተሰቅለው ነበር። እያንዳንዱ ዥዋዥዌ ሲወዛወዝ የሙዚቃ ድምፅ ያወጣል፤ አንዳንዱ ዜማ ግን የሚሰማው የማይተዋወቁ ሰዎች አብረው እኩል የተወዛወዙ እንደሆነ ብቻ ነው። ይህን የሠሩት ባለሙያዎች ምን እንደፈለጉ እንረዳለን፤ በከተማ ሕይወት የተራራቀውን ሰው እንደገና አጠገብ ለአጠገብ ማቆም ነው። እኛ ይህን ከአባቶቻችን ተረክበን ሳለን ከእጃችን እንዳያመልጥ መጠንቀቅ ሲገባን፣ ሌላው ዓለም እንደ አዲስ ይፈልገዋል።

የደመራ በዓላችን በዓለም ፊት የተመሰከረለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በኅዳር 2006 ዓ.ም. በአዘርባጃን ርእሰ ከተማ በባኩ ባደረገው ጉባኤ የመስቀልን በዓል በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ተከትሎታል። ደስታችን ታላቅ ነበር፤ ነውም። ይሁን እንጂ «የማይዳሰስ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ጥቂት ፈገግ ማለታችን አልቀረም። ቃሉ ለሥርዓቱ፣ ለዜማውና ለእውቀቱ የተሰጠ መሆኑን እናውቃለን። ግን የደመራ ነገር ሁሉ በመዳሰስ የቆመ ነው፤ ያልዳሰሰው ልጅ አላወቀውም።

በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የሚከበረው ታላቁ በዓል ግርማው ወደር የለውም። የመዘምራኑ ብዛት፣ የአልባሳቱ ኅብረ ቀለም፣ የሕዝቡ ጧፍ ማብራት ከሩቅ አገር እንግዳ የሚጠራ ነው። አደባባዩም በ2013 ዓ.ም. በአዲስ መልክ ተሠርቷል። ነገር ግን በዚያ ከሚገኘው እጅግ ብዙ ሕዝብ የተነሣ፣ የጸጥታ ጥበቃውም ግድ ስለሚል፣ አንድ የከተማ ልጅ ያንን ደመራ የሚያየው ከአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ወይም በቴሌቪዥን መስኮት ነው። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። መቶ ሺዎች እያንዳንዳቸው ጭራሮ ይዘው ይምጡ ማለትም አይቻልም። እኛ የምንለው የታላቁ አደባባይ በዓል የሰፈሩን ደመራ ሊተካው አይገባም ነው። ቤተሰቡ በቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ የአደባባዩን በዓል ካየ በኋላ በሩን ዘግቶ ያደረ እንደሆነ፣ ያ ልጅ ደመራን ያውቃል ለማለት አንደፍርም። ትዕይንት አይቷል።

ይህን ስንል የሚነሣውን ጥያቄ አንዘነጋም። እንጨት ከየት ይምጣ? በየሰፈሩ፣ በየአጥቢያው እንጨት ይነድ ዘንድ መምከር ለተራቆተው መሬታችን ይበጃልን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ከዚያው ከመንዝ ማግኘት ይቻላል። ከጌራ ምድር በስተ ምሥራቅ የሚገኘው ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሣር ምድር ሲሆን፣ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ነው። ይህን ምድር የአካባቢው ሕዝብ አስቦና ጌራ ከተባሉት አቅኚ አባቶች ጀምሮ «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። በሥርዓቱ መሠረት ምድሩ ለተከታታይ ዓመታት ለግጦሽም ለአጨዳም ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ ደግሞ በተመረጡ አለቆች ፈቃድ ተከፍቶ ሁሉም ለቤቱ ክዳንና ለገመዱ የሚሆነውን ሣር፣ ለማገዶውም ጨረንፌ የሚባለውን ቁጥቋጦ በልክ ይወስዳል። ሥርዓቱ የገጠር መሬትን የሕዝብ ካደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ አቋቁሞ ጓሳ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ይገኛል።

ጓሳን እዚህ ያነሣነው ለማስጎብኘት አይደለም። የጋራ የሆነውን ነገር ልክ ሰጥቶ መጠቀም የሚያውቅ ሕዝብ ደመራውንም በልክ እንደሚደምር ለማስረዳት ነው። በዚያ አገር አንድ ቤት አንድ ዘንግ ያመጣል፤ ሁለተኛ ቢያመጣ የሚያመሰግነው የለም። ደመራው የሚገዝፈው በእንጨቱ ውፍረት ሳይሆን በቤቱ ብዛት ነው። በከተማ ግን አንዳንድ ሰፈሮች ከጎረቤት ሰፈር ለመብለጥ በመኪና እንጨት ሲያስጭኑ፣ ቶሎ ይያያዝ ብለው ቤንዚን ሲያርከፈክፉ፣ ከዚያም አልፎ አሮጌ ጎማ ሲጨምሩበት እናያለን። ይህን በግልጽ እንነቅፋለን። ቤንዚን ሕፃናት ባሉበት የሚጫወቱበት ነገር አይደለም፤ የጎማውም ጢስ ከዕጣን ጋር ተቀላቅሎ ሊሸተን አይገባም። ቁመቱ ከሰው እምብዛም የማይበልጥ፣ ሠላሳ ቤት ሠላሳ ዘንግ ያኖረበት ደመራ ይበቃል። ሕፃናቱ ጭራሯቸውን እስኪጨርሱ ይጠበቅ፤ ከመለኮሱ በፊት ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን እጅ ለእጅ ይዘው ምሰሶው ቢወድቅ ከማይደርስበት ርቀት ያቁሟቸው።

ነገሩን አጣዳፊ የሚያደርገው ሌላም ምክንያት አለ። ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ወጥቶ በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃንና በሌሎች ከተሞች የሚኖረው ሕዝብ ቁጥሩ ብዙ ነው። ቀድሞ ለመስቀል ልጆቹን ይዞ ወደ አያቶቻቸው ቀዬ ይወጣ የነበረ አባት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ አስጊ ሆኖበት የቀረበት ጊዜ አለ። በውጭ አገር የሚኖሩትማ ከነጭራሹ ሩቅ ናቸው፤ ለአደባባይ እሳት የከተማው አስተዳደር ፈቃድ ስለሚያስፈልጋቸው ቤተ ክርስቲያኖቻቸው በግቢያቸው ትንሽ ደመራ ደምረው በዓሉን ያከብራሉ። በስደት ያለው ወገናችን በጠባብ ግቢ የሚያደርገውን እኛ በሰፋፊው ሰፈራችን ማድረግ የሚያቅተን አይመስለንም።

ለዘንድሮው በዓል የሚያስፈልገው ዝግጅትም ቀላል ነው። ችቦውን በሱቅ ከመግዛት ይልቅ ከልጆች ጋር ማሰር ይቻላል፤ ደረቅ ስንጥር ሰብስቦ በልጥ ወይም በገመድ ሦስት ቦታ ማጥበቅ ነው፣ ከዚህ የበለጠ ጥበብ የለውም። ልጁ ራሱ ያሰረውን ችቦ ራሱ ይሸከመው፤ መንገድ ላይ ቢፈታበትም ቆሞ እንደገና ይሰረው። አደይ አበባ ከመንገድ ዳር ሲቀጠፍ ከነሥሩ እንዳይነቀል ይነገረው። በደመራው ዘንድ ሲደርስም የጎደለው ወገን የትኛው እንደሆነ ይጠየቅ፤ ልጆች በዚህ ከእኛ የተሻለ ዓይን አላቸው።

በደጋው በዓሉ የሚያበቃው በነጋታው ነው። መስከረም 17 ቀን ረፋዱ ላይ አመዱ ሲበርድ እናቶች ጣታቸውን ነክረው በልጆቻቸው ግንባር ላይ የመስቀል ምልክት ያደርጋሉ፤ መምጣት ላልቻለ ሽማግሌና ለታመመ ሰውም በቅጠል ተቋጥሮ ይወሰድለታል። ከአመዱ ሥር ፍም አይጠፋም። እረኞቹ በዱላቸው ጫፍ እየጫሩ ያወጡታል፤ ከማሳ ያመጡትን የባቄላ እሸት ከነገለባው ይወረውሩበታል፤ እየተንጣጣ ሲበስልም አመዱን እያራገፉ፣ እጃቸውን እያቃጠላቸው ይካፈሉታል። ግንባራቸው ላይ ካለው የእናታቸው ምልክት ሌላ፣ ጉንጫቸውና አፍንጫቸው ሁሉ በደመራው አመድ ጠቁሮ በጎቻቸውን እየነዱ ወደ ሜዳው ይወጣሉ።